የቃላት ፍቺ ለውጥ፦ ከጋፋት ኮረብታ እስከ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ዳገቱን ከመያዙ በፊት ናፍጣ ይቀዳል። ዳገቱን ጨርሶ ከተማዋ ሲደርስ ደግሞ በአቅራቢያዋ ጋፋት የተባለ ሥፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው የጦር መሣሪያ ያሠሩ የነበረው በዚህ ሥፍራ ነው። በዚያ ዘመን አማርኛ የጦር መሣሪያው «ነፍጥ»፣ ታጣቂውም «ነፍጠኛ» ይባል ነበር።

ናፍጣ በርሜል ውስጥ የሚቀመጥ ነዳጅ ነው፤ ነፍጥ በትከሻ የሚነገት መሣሪያ ነው። በመልክም ሆነ በአገልግሎት አይመሳሰሉም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የቋንቋ ጥናት ዘርፍ የፍቺ ጥናት ይባላል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ሚሼል ብሬአል እ.ኤ.አ. በ1897 በዚህ ርዕስ ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ለዘርፉ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ስለ ቃላት የሚናገር ጽሑፍ በሳይንስ መጽሔት ላይ ምን ያደርጋል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ቃላት ፍቺያቸውን የሚለውጡት በዘፈቀደ አይደለም፤ ሊመደቡና ሊጠኑ በሚችሉ መንገዶች ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርታችንን የምንከታተለው ከሌላ ዘመንና ከሌላ ቋንቋ በመጡ ቃላት ስለሆነ፣ የቃሉን ዘመን ሳንጠይቅ ያነበብነውን ሁሉ በዛሬ ሚዛን ብንመዝነው እንሳሳታለን። ስሕተቱም አንዳንድ ጊዜ ከፈተና ወረቀት አልፎ ሰውን ይጎዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ነጥቦች ከአካባቢያችንና ከእንግሊዝኛ በተወሰዱ ምሳሌዎች ማስረዳት ነው።

፩. አንድ ቃል በሁለት መንገድ

የ«ነፍጥ» ሥር በጥንታዊው የመስጴጦምያ ምድር የሚገኝ ነው። በዚያ አገር ከመሬት እየመነጨ የሚቃጠል ዘይት ነበር፤ አካድኛ ተናጋሪዎች ለዚህ ዘይት የሰጡት ስም ወደ ፋርስ፣ ወደ ግሪክና ወደ ዐረብ ቋንቋዎች ተሻግሯል። በዐረብኛ «ነፍጥ» በመጀመሪያ ይኸው የሚነድ ዘይት ነበር። ዘይቱ በጦር ሜዳ በጠላት ላይ ይወረወር ስለነበር፣ ቃሉ ቀስ በቀስ የሚወረወረውን የእሳት መሣሪያ መጥሪያ ሆነ። በ14ኛው መቶ ዓመት ባሩድ ግብፅ ሲደርስ ደግሞ ስሙ ከዘይት ወደ ባሩድ፣ ከባሩድም ባሩድ ወደሚተኩሰው መሣሪያ ተላለፈ። ወደ አገራችን የገባው በዚህ በመጨረሻው ፍቺ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነቶች የእሳት መሣሪያ በኢትዮጵያ ምድር ሲበረክት ቃሉም አብሮ በረከተ። የኢትዮጵያ አንባቢ «ነፍጥ» ሲል ዘይት ትዝ አይለውም።

ሁለተኛው ጉዞ በአውሮጳ በኩል ነው። ግሪኩ የተቀበለው ቃል ወደ ላቲን፣ ከላቲንም ወደ ጣሊያንኛ አለፈ። እዚያ ግን ከነዳጅነት አልወጣም። «ናፍጣ» ወደ አማርኛ የመጣው ከዚሁ ከጣሊያንኛ እንደሆነ ይታመናል፤ ለእኛም የከባድ መኪናና የወፍጮ ሞተር ነዳጅ ሆነ። ስለዚህ አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ፣ በሁለት በር፣ ሁለት ፍቺ ይዞ ወደ ቤታችን ገብቷል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከዘይት እስከ ጠመንጃ ያለው ርቀት ሲታይ እጅግ ሰፊ ነው። ሆኖም አንዳቸውም እርምጃዎች በራሳቸው ሲታዩ አያስገርሙም። ከዘይት ወደሚወረወር እሳት፣ ከሚወረወር እሳት ወደ ባሩድ፣ ከባሩድ ወደ መሣሪያው የተደረገው እያንዳንዱ ሽግግር ተናጋሪው ሳያስበው የሚያደርገው አጭር እርምጃ ነው። የፍቺ ለውጥ ዋና ጠባይ ይህ ነው።

፪. ቃላት የሚሄዱባቸው መንገዶች

ሀ) መጥበብ። ቀድሞ ብዙ ነገር ያቅፍ የነበረ ቃል ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሰበሰባል። በእንግሊዝኛ «ሚት» በጥንት ዘመን ማናቸውም ምግብ ነበር፤ ዛሬ ሥጋ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ላይ የተጠቀሰው መሥዋዕት በዚህ ቃል ተጠርቷል። ዛሬ እንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ ቃሉን አይቶ የሥጋ መሥዋዕት ነው ቢል ይሳሳታል፤ ምዕራፉ የሚናገረው ስለ ዱቄትና ስለ ዘይት ነውና። የአማርኛው ትርጉም ይህን «የእህል ቍርባን» በማለት ያስቀምጠዋል። እንዲሁም «ዲር» ቀድሞ ማናቸውም እንስሳ ሲሆን ዛሬ አጋዘን ነው፤ «ስታርቭ» ቀድሞ መሞት ሲሆን ዛሬ በረሃብ መሞት ወይም መራብ ነው።

ለ) መስፋት። ይህ የመጥበብ ተቃራኒ ነው። «ዶግ» በጥንታዊ እንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ጠንካራ ውሻ ብቻ ነበር፤ ዛሬ የውሻ ሁሉ ስም ነው። በአማርኛ «እህል» በዋናነት ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴና የመሳሰለው ነው። ይሁንና «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» የሚል ሰው ምግብ በአፉ አለመግባቱን መናገሩ ነው። «ፈረንጅ» የሚለውም ቃል መነሻው ፍራንክ የሚባለው የአንድ የአውሮጳ ሕዝብ ስም ሲሆን፣ በዐረቦች በኩል ሲመጣ የአውሮጳውያን ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።

ሐ) በጉርብትና መሸጋገር። ሁለት ነገሮች በቦታ፣ በጊዜ ወይም በአገልግሎት ሲጎራበቱ የአንዱ ስም ወደ ሌላው ይሻገራል። ለዚህ ከደብረ ታቦር ስም የተሻለ ማስረጃ የለም። በግዕዝ «ደብር» ማለት ተራራ ማለት ነው፤ «ደብረ ታቦር»ም በገሊላ ምድር የሚገኘው የታቦር ተራራ ስም ነው። መነኮሳት ከዓለም ርቀው በተራራ ላይ ይሰፍሩ ስለነበር ቃሉ ከተራራው በላዩ ወዳለው ገዳም፣ ከዚያም ካህናት ወደሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ተሻገረ። ዛሬ በፎገራ ሜዳ ላይ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ደብር ቢባል የሚደነቅ ሰው የለም። «ገዳም»ም እንደዚሁ በግዕዝ በመጀመሪያ ዱር፣ ሜዳና ምድረ በዳ ነበር፤ በዱር የሚኖሩት መናንያን ስሙን ለመኖሪያቸው አተረፉለት።

«ብር»ም በዚህ መንገድ ተጉዟል። መጀመሪያ ማዕድኑ፣ ቀጥሎ ከማዕድኑ የተሠራው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ፣ በመጨረሻ ደግሞ ብር የሚባለው ማዕድን ፈጽሞ የሌለበት የወረቀት ገንዘብ ሆነ። የእንግሊዞች «ፓውንድ» መነሻው የብር ክብደት መለኪያ መሆኑ መንገዱ የጋራ መሆኑን ያሳያል።

«ባቡር» ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ተጓዥ ነው። ምንጩ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ እንፋሎት ማለት ነው። ከእንፋሎቱ ወደ እንፋሎት መርከብ፣ ከመርከቡ በሐዲድ ላይ ወደሚሄደው ተሽከርካሪ ተሻገረ። «የምድር ባቡር» በሚለው አነጋገር ውስጥ «የምድር» የሚለው ቅጽል የባሕሩን ባቡር የሚያስታውስ ቅሪት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ባቡሩ በእርግጥ በእንፋሎት ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መሥመር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ እንፋሎቱ ከስሙ በቀር የትም የለም። ሐዲድ ባልደረሰበት በብዙ የገጠር ቀበሌ ደግሞ በናፍጣ የሚሠራው የእህል ወፍጮ «ባቡር» ይባላል። እንግዲህ ከአንድ መንደር ወጥታ «ባቡር ደርሼ መጣሁ» የምትል እናት እህል አስፈጭታ መመለሷ ነው።

መ) ነገሩ ተለውጦ ቃሉ የሚቆምበት ጊዜ። «ወይና ደጋ» የወይን ደጋ ማለት ነው። ዛሬ ስሙን የምንሰጠው ግን በከፍታና በሙቀት ለሚወሰን የአየር ጠባይ ክልል እንጂ ወይን ላለበት ሁሉ አይደለም። ተማሪው ከወረታ ወይና ደጋ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ፣ ከዚያም ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ወደሚያልፈው የጉና ተራራ ውርጭ ሲወጣ አንድም የወይን ተክል ላያይ ይችላል፤ ቃሉ ግን በሥራው ላይ ነው።

፫. ጠቢብና ጠይብ፦ የቃል መውደቅና የሰው መጎዳት

ቃላት በማዕረግም ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በእንግሊዝኛ «ሲሊ» መጀመሪያ የተባረከ ማለት ነበር፤ ከተባረከ ወደ የዋህ፣ ከየዋህ ወደሚያሳዝን፣ በመጨረሻም ወደ ቂል ወረደ። «ናይስ» በአንጻሩ በላቲን አላዋቂ ከሚል ቃል ተነሥቶ ዛሬ ደስ የሚል እስከ ማለት ደርሷል። «ናይት» መጀመሪያ ልጅ ወይም አገልጋይ ነበር፤ ኋላ የፈረሰኛ ባለማዕረግ ሆነ። «ቪለን» ደግሞ በጌታ መሬት ላይ የሚያርስ ገባር ነበር፤ ዛሬ ክፉና ወንጀለኛ ሰው ነው። የመጨረሻው ምሳሌ ያሳስባል፤ ገበሬው ምንም ክፋት ሳይሠራ ስሙ ስድብ ሆኗልና።

የዚህ ዓይነት ውድቀት በጎንደር ምድርም ደርሷል። በግዕዝ «ጠቢብ» ማለት ብልህ፣ አዋቂ ማለት ነው፤ ንጉሥ ሰሎሞን እንኳ የሚጠራው በዚህ ቃል ነው። ዕውቀት በእጅ ሥራም የሚገለጥ ስለሆነ ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው ባለሙያ ጠቢብ ተባለ። በንግግር ውስጥ ቃሉ ድምፁ ላልቶ «ጠይብ» ሆነ። ነገር ግን ብረትን በእሳት አቅልጦ ቅርጽ መስጠት ለማያውቀው ሰው ምሥጢር ነው፤ ምሥጢር ደግሞ ያስፈራል። ስለዚህ ጠይብ ከባለሙያ ወደሚፈራ ሰው፣ ከሚፈራ ሰው ወደ ቡዳ ወረደ። ቤተ እስራኤላውያንን ጨምሮ ብዙ የእጅ ባለሙያዎች በታሪክ ርስት ተነፍገው፣ ማዕዳቸው ተለይቶ፣ የሚኖሩት በሙያቸው እየተሰደቡ ነበር።

የሚገርመው ግን ከዚያው ሥር የበቀሉት ሌሎች ቃላት አለመውደቃቸው ነው። «ጥበብ» ዛሬም የተከበረ ቃል ነው፤ በሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚጠለፈውም ጥበብ ይባላል። ሥራው ተከብሮ ሠራተኛው ተዋረደ ማለት ነው።

እንግሊዝኛም ከዚህ ጠባይ ነፃ አይደለም። «ካኒንግ» የሚለው ቃል ማወቅ ከሚል ግሥ የወጣ ሲሆን ዛሬ ተንኰለኛ ማለት ነው። «ክራፍቲ» ቀድሞ ብርቱና ባለሙያ ነበር፤ ዛሬ አታላይ ነው። በሌላ በኩል «ኢንጂን» በላቲን የተፈጥሮ ብልህነት ከሚል ቃል ተነሥቶ ወደ ብልሃት፣ ከብልሃት ወደ ጦር መሣሪያ፣ ከዚያም ወደ ሞተር ተሻገረ። «ኢንጂነር»ም በመካከለኛው ዘመን የጦር መሣሪያ ሠሪ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ድልድይና ቦይ የሚሠራውን ከጦሩ ባለሙያ ለመለየት «ሲቪል» የሚል ቅጽል ተጨመረለት። እንግዲህ ብረትና እሳት የሚያውቀው ሰው በአንዱ አገር መሐንዲስ ሲባል በሌላው ጠይብ ተባለ።

ይህን ይዘን ወደ ጋፋት እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ኮረብታ ቴዎፊል ዋልድማየርን ጨምሮ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ የእጅ ሙያ የሚያውቁ ሚሲዮናውያንን አሰፈሩ፤ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም አብረዋቸው ሠሩ። በ1859 ዓ.ም. ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ቀልጦ ተሠራ። ስሙ እንኳ ተጓዥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1854 እና 1855 በተከበበችው የክሪሚያ ከተማ የተሰየመ ነው። እንግሊዝኛው «ገን» የሚለው ቃልም ምንጩ «ጉንሂልዳ» የሚባል የሴት ስም ሳይሆን አይቀርም፤ በ14ኛው መቶ ዓመት በዊንድዘር ግንብ የነበረ አንድ ግዙፍ መወርወሪያ በዚህ ስም ይጠራ ነበርና። ሴባስቶፖል በብዙ ሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፤ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላም እዚያው ቀረ።

ንጉሡ መድፉን ሲመኙ በአገሩ ብረት የሚያቀልጥ እጅ አልጠፋም ነበር። የጠፋው ለዚያ እጅ የሚሰጠው ክብር ነበር። ሙያው ስድብ በሆነበት አገር ባለሙያው ዕውቀቱን በአደባባይ ለማስተማር፣ ሌላውም ሰው ለመማር አይደፍርም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ መከልከላቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል። የአንድ ቃል ውድቀት ብቻውን አገርን ወደኋላ አያስቀርም፤ ነገር ግን ቃሉ የኅብረተሰቡን አመለካከት ይዞ ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል።

፬. መነሻው ፍቺ እውነተኛው ፍቺ ነውን?

ብዙ ሰው የቃሉን ምንጭ ሲያውቅ እውነተኛውን ፍቺ ያገኘ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። የሳይንስ ተማሪ ለዚህ ቅርብ ማስረጃ አለው። «አቶም» በግሪክ የማይከፈል ማለት ነው፤ ዛሬ አቶም እንደሚከፈል ማንም ያውቃል። «ኦክሲጅን» አሲድ አስገኚ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ፈረንሳዊው ላቮአዝዬ አሲድ ሁሉ ይህ ንጥረ ነገር አለበት ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1810 እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የምንለው ኦክሲጅን እንደሌለበት አሳየ። ስሙ ግን አልተለወጠም፤ መለወጥም አላስፈለገውም።

«ናይትሮጅን» ደግሞ ወደ ባሩድ ይመልሰናል። ትርጉሙ ናይተር አስገኚ ነው፤ ናይተር ማለት በኬሚስትሪ ፖታሲየም ናይትሬት የምንለው ጨው ነው። «ባሩድ» የሚለው የዐረብኛ ቃልም መጀመሪያ የዚሁ ጨው ስም ነበር። ከጥቁር ባሩድ ክብደት ከመቶ 75 ያህሉ ይህ ጨው፣ ቀሪው ከሰልና ድኝ ስለሆነ የዋናው ክፍል ስም የድብልቁ ሁሉ ስም ሆነ። ይህን ማወቅ ኬሚስትሪውን ለማስታወስ ይረዳል፤ ነገር ግን ባሩድ የሚለውን ሁሉ «ጨው ማለትህ ነው» ብለን አናርመውም።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ፤ እርሱም የዛሬውን ፍቺ ወደ ትናንት መጫን ነው። «ነፍጠኛ» በጥንት ጽሑፍ ነፍጥ የያዘ ወታደር ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ ዘምቶ የሰፈረውንና ከገባር ግብር የሚያገኘውን ወታደር መግለጫ ሆነ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሕዝብን በጅምላ የሚያመለክት የፖለቲካ መወንጀያ ሆኖ ሲነገር ተሰምቷል። የቆየ ዜና መዋዕል የሚያነብ ተማሪ ሦስተኛውን ፍቺ ወደ መጀመሪያው ቢጨምር ታሪክን ያዛባል። በሌላ በኩል ዛሬ ቃሉን ጎረቤቱ ላይ የሚወረውር ሰው «በጥንት ወታደር ማለት ነበር» ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። የቃል ፍቺ የሚወሰነው በተነገረበት ዘመንና በሰሚው ዘንድ ባለው አገባብ ነው።

፭. ይህን ሁሉ በምን እናውቃለን?

የፍቺ ለውጥ በግምት አይጠናም፤ ማስረጃው ዘመኑ የታወቀ ጽሑፍ ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ አብነት ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1857 ታስቦ፣ የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ታትሞ፣ በ1928 ተፈጸመ። ጄምስ መሪና ባልደረቦቹ እጅግ ብዙ ፈቃደኛ አንባቢዎች ከየመጽሐፉ እየቀዱ በላኩት ጥቅስ እያንዳንዱን ፍቺ ከነዘመኑ አስቀመጡ።

ለአማርኛም መነሻ የሚሆን ሀብት አለ። እ.ኤ.አ. በ1841 የታተመው የአይዘንበርግ መዝገበ ቃላት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መጽሐፈ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በየዘመናቸው የነበረውን ፍቺ ይመሰክራሉ። አንድን ቃል በእነዚህ መጻሕፍት እያነጻጸረ የሚከተል ተማሪ አንድ ባለሙያ የሚሠራውን ሥራ ጀምሯል። በመንደር ያሉ አዛውንትም ሕያው መዝገብ ናቸው፤ እነርሱ በልጅነታቸው ሰምተውት ዛሬ የማይነገር ፍቺ ከእነርሱ ጋር እንዳያልፍ መጻፍ ይገባል።

ማጠቃለያ

ቃላት በመጥበብ፣ በመስፋት፣ በጉርብትና በመሸጋገር፣ በማዕረግ በመውጣትና በመውረድ ፍቺያቸውን ይለውጣሉ። እያንዳንዱ እርምጃ አጭር ነው፤ የእርምጃዎቹ ድምር ግን ዘይትን ጠመንጃ፣ እንፋሎትን ወፍጮ፣ ጠቢብንም ስድብ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ አንድን ቃል ስናነብ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ከማለት በፊት «መቼ፣ በማን፣ ለማን የተነገረ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ቃሉ ሰውን የሚነካ ሲሆን ደግሞ ጥያቄውን እጥፍ አድርገን እንጠይቅ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. «መኪና» ምንጩ በጣሊያንኛ ማናቸውም ማሽን ነው። «የስፌት መኪና» እና «የጽሕፈት መኪና» የሚሉትን አነጋገሮች መሠረት በማድረግ፣ ዛሬ «መኪና ገዛ» ስንል ቃሉ በየትኛው መንገድ እንደተለወጠ አስረዱ።

2. በእንግሊዝኛ «ማውስ» አይጥ ነው፤ የኮምፒውተር መሣሪያም ነው። ይህ ሽግግር በዚህ ጽሑፍ ከተዘረዘሩት መንገዶች በአንዱ ይገባልን? ካልገባ አዲሱን መንገድ ምን ትሉታላችሁ?

3. በአካባቢያችሁ የሚገኙ አንድ አዛውንትን «ባቡር»፣ «ብር» እና «ጠይብ» በልጅነታቸው ምን ማለት እንደነበሩ ጠይቁ። መልሱን ከተናጋሪው ዕድሜና ከቦታው ስም ጋር መዝግቡ።